አንደበት ሲያዝ ምን ይቀራል?

የሰፈራችን ሰው ሁሉ "ሐጂ" ነው የሚላቸው። ማለዳ ከመስጊድ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ሰላም እያሉ ያልፋሉ፤ የባጃጅ ሹፌሩን በኦሮምኛ፣ ባለሱቁን በአማርኛ፣ እኛን ደግሞ እንደመጣላቸው ሁለቱን እየቀላቀሉ። ጅማ የኖረ ሰው ይህን አነጋገር ያውቀዋል። አንድ ጠዋት ግን ዝም ብለው አለፉ። ቀኝ እጃቸው ተንጠልጥሏል፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ጠመም ብሏል። "ሐጂ፣ ደህና አደሩ?" ስንላቸው ቆም አሉና አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ ወጣ። ቃል ግን አልወጣም።

ሰፈሩ "አንደበታቸው ተያዘ" አለ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ፤ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ጉዳት።

ከወር በኋላ ልንጠይቃቸው ቤታቸው ሄድን። የገዛ ልጃቸውን ስም መጥራት አቅቷቸዋል። ፊቷን እያዩ ስሟን ሲፈልጉ፣ ሲያጡት፣ እንባቸው ሲመጣ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉና መንዙማ ጀመሩ። ሐጂ ተቀበሉ! ዜማውን ጠብቀው፣ ቃሉን ሳይሰብሩ፣ ከሌሎቹ እኩል። ልጃቸው የያዘችውን ሲኒ ረከቦቱ ላይ መለሰችና አፏን በሻሿ ያዘች።

የልጁን ስም ማውጣት ያቃተው አፍ መንዙማውን ከየት አመጣው? ጥያቄው አላስተኛ አለኝ። የማውቃቸውን ሐኪሞች ጠየቅሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እየገባኝ የመጣው ነገር ይሄ ነው፦ ሰው አንደበቱ ሲያዝ እኛ የምንቆጥረው የጠፋበትን ነው፤ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ የሚነግረን ግን የቀረለት ነው። ይስቃል ወይ? ያስላል ወይ? ይዘምራል? የምንለው ይገባዋል? ከአንጎል እስከ ከንፈር ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የተሰበረበትን ቦታ የምናገኘው እስከየት ድረስ ደህና እንደሆነ ስናይ ነው።

እስቲ ከታች እንጀምር። እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና "ስስስ" በሉ። ምንም የለም። አሁን "ዝዝዝ" በሉ። ይርገበገባል አይደል? ምላሳችሁ አልተነቃነቀም፤ የተለወጠው ከሥር ነው። ማንቁርታችን ውስጥ የድምፅ አውታር የሚባሉ ሁለት እጥፋቶች አሉ። ከሳንባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባሉ። ስንናገር የወንድ በሴኮንድ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል። ድምፅ የምንለው ይሄን ነው። ንግግር ደግሞ ያንን ድምፅ በምላስ፣ በከንፈርና በላንቃ እየቀረጹ ቃል ማድረግ ነው። እባካችሁ ሁለቱን ለዩልኝ፤ ድምፁ የጠፋ ሰውና ቃሉ የጠፋ ሰው አንድ አይደሉም፣ ሕክምናቸውም አንድ አይደለም።

የእኛ ቋንቋዎች ማንቁርትን በደንብ ነው የሚያሠሩት። "ተ" እና "ጠ"ን እዩ። "ጠ" ስንል የድምፅ አውታሮቹ ግጥም ብለው ይዘጋሉ፣ ምላስም ከላይ ይዘጋል፤ በመካከል የታፈነው አየር ማንቁርት ወደ ላይ ከፍ ሲል ይጨመቅና ጠብ ብሎ ይወጣል። "ቀ"፣ "ጨ"፣ "ጸ"፣ "ጰ"ም እንዲሁ ናቸው። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ እንኳ "ጥ" ማለት ትችላላችሁ፤ ሞክሩት። የኦሮምኛው "ዸ" ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቅቤ ለማለት "ዸዻ" ስንል ማንቁርት ወደ ታች ዝቅ ይላል። እንግዲህ ጅማ መርካቶ ቆሞ በሁለት ቋንቋ የሚጫረት ሰው ማንቁርቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንቴ ከፍ ዝቅ እንደሚያደርግ አስቡት። አያስበውም፣ አያውቀውም። አንጎሉ ነው የሚሠራለት።

ስንናገር ወደ 100 የሚጠጉ ጡንቻዎች ይንቀሳቀሳሉ፤ የደረት፣ የሆድ፣ የማንቁርት፣ የመንጋጋ፣ የምላስ፣ የከንፈር። በአንድ ሴኮንድ አምስት ስድስት ፊደል እናወጣለን። መጀመሪያ አንጎል ሊናገር ያሰበውን ነገር ይይዛል፤ ቃሉን ይመርጣል፤ ቃሉን ወደ ድምፆች ቅደም ተከተል ይለውጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ጡንቻ የሚያዘው የአንጎል ክፍል ትእዛዙን ወደ አንጎል ግንድ ይልካል፤ ከአንጎል ግንድ የሚወጡ ነርቮች ደግሞ ጡንቻዎቹ ድረስ ያደርሱታል። ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ ልክና ጊዜ ያስተካክላል። ጆሮም ሥራ አይፈታም። የራሳችንን ድምፅ እየሰማ ያርማል። ጫጫታ ቦታ ስንገባ ሳናስበው ድምፃችን ከፍ የሚለው ለዚህ ነው፤ ይህን የፈረንሳይ ሐኪም የነበረው ኤቲየን ሎምባርድ እ.ኤ.አ. በ1911 አስረድቷል፣ ክስተቱም በስሙ ይጠራል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ከአንጎል ወደ ማንቁርት የሚወርደው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም።

አንደኛው በጣም አሮጌ ነው። ከአንጎል ጥልቅ ክፍል ተነስቶ የሚወርድ ሲሆን ለቅሶ፣ ሳቅ፣ የሕመም ጩኸት በእሱ ይመጣሉ። አራስ ልጅ ሳይማር የሚያለቅሰው በዚህ መንገድ ነው። የቡና ጫካችን ውስጥ ንጋት ላይ የሚጮኸው ጉሬዛም የሚጠቀመው ይህንኑ ዓይነት መንገድ ነው። ሁለተኛው ግን ከላይኛው የአንጎል ቅርፊት ተነስቶ ማንቁርትን ወደሚያዙት የነርቭ ሕዋሳት በቀጥታ ይደርሳል። በሰው በደንብ የዳበረ ነው፤ በጦጣና በዝንጀሮ ወይ የለም ወይ እጅግ ደካማ ነው። ድምፃችንን እንደፈለግን የምናዘው፣ ቃል የምናወጣበት፣ አዲስ ዜማ የምንማረው በዚህኛው ነው።

አንዱ ሲሰበር ሌላው ሊቀር ይችላል። ቃል መናገር ያቃተው ሰው ሲስቅ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ግራ ይገባዋል፤ "ይችላል፣ እያወቀ ነው" የሚልም አለ። አይደለም። ሳቁ የመጣው በሌላ በር ነው።

ቃሉ የሚመረጥበትና የሚቀረጽበት ቦታ በአብዛኛው ሰው የአንጎል ግራ ክፍል ነው፤ ከቀኝ እጅ ተጠቃሚዎች 95 በመቶ ያህሉ፣ ከግራኞችም ወደ 70 በመቶ ያህሉ እንዲሁ ናቸው። ግራው አንጎል የቀኝ ጎንን ስለሚያዝ የሐጂ ቀኝ እጅና አንደበት አብረው የተያዙት በአጋጣሚ አይደለም።

ይህ መታወቅ የጀመረው በአንድ ፈረንሳዊ በሽተኛ ነው። ሉዊ ቪክቶር ሌቦርኝ ይባላል። ፓሪስ አጠገብ ባለው የቢሴትር ሆስፒታል ከ20 ዓመት በላይ ሲኖር ምንም ቢጠየቅ መልሱ "ታን" ብቻ ነበር፤ "ታን፣ ታን"። የሚሉት ግን ይገባው ነበር፤ በእጁ ምልክት ይመልሳል። ሲናደድ ደግሞ ሙሉ የስድብ ሐረግ ያመልጠው ነበር! እ.ኤ.አ. በ1861 ሲሞት ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን አይቶ በግራ በኩል ፊት ለፊት የተጎዳ ቦታ አገኘ። ቦታው እስከ ዛሬ የብሮካ ቦታ ይባላል። 13 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1874፣ የ26 ዓመቱ ጀርመናዊ ሐኪም ካርል ቬርኒከ ሌላ ዓይነት በሽተኞችን ገለጸ። እነዚህኞቹ ይናገራሉ፤ በፍጥነት፣ ያለ ችግር። ንግግራቸው ግን ትርጉም የለውም። የሚባሉትም አይገባቸውም። ጉዳቱ ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ነው።

ይሄኛው ዓይነት በጣም ያሳስበኛል። ትናንት ደህና የነበረ አባት ዛሬ ተነስቶ የማይገናኝ ነገር ሲናገር "አበደ" ይባላል፤ "ጂን ነካው" ይባላል። እጅና እግሩ ደህና ሊሆን ስለሚችል ስትሮክ ብሎ የሚጠረጥር የለም። ዱዓውም ይደረግ፣ ጸበሉም አይቅር፣ እኔ በሰው እምነት አልገባም፤ ግን በድንገት የመጣ የንግግር መለወጥ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለበት። ፈገግ እንዲል ጠይቁት፤ ሁለት እጁን እንዲያነሳ ጠይቁት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ጠይቁት። አንዱ ጎን ከከዳው ወይም ቃሉ ከተበላሸ ሰዓቱን ያዙና በቶሎ ውሰዱት። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ በየቦታው ባይገኝም እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። ውኃም ማርም አፉ ውስጥ አትጨምሩ፤ መዋጥም ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሳንባው ይገባል። አስፕሪንም ከራሳችሁ አትስጡ፤ ደም እየፈሰሰ ይሁን ረግቶ ይሁን ሲቲ ስካን ሳይታይ አይታወቅም።

አንጎል ሲጎዳ ቋንቋ የሚያዝበት ሁኔታ አፌዢያ ይባላል፤ ሐጂ የብሮካው ዓይነት ነው ያለባቸው። የምንላቸው ከሞላ ጎደል ይገባቸዋል። የሚወጣላቸው ስም ስሙ ብቻ ነው፦ "ቡና... ልጅ... ገበያ..."። ግስ ይጠፋቸዋል። አማርኛ ደግሞ ግስ ላይ ሸክም ያበዛል፤ "አላመጣችልኝም" ብለን በአንድ ቃል ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ መሆኑንና አለመሆኑን እንጭናለን። ያን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መገጣጠም ለተጎዳ አንጎል ዳገት ነው።

መጀመሪያ የተመለሱላቸው የኦሮምኛ ቃላት ናቸው፤ አማርኛው ቆይቶ መጣ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው አንዳንዴ ሁለቱም እኩል ይመለሱለታል፤ አንዳንዴ የአፍ መፍቻው ይቀድማል፤ አንዳንዴ ደግሞ በየቀኑ ሲሠራበት የኖረው። ስለዚህ "በአማርኛ አይገባቸውም" ብላችሁ አትተዉ፣ በሌላውም ሞክሩ።

መንዙማውስ? ሦስት ነገር ነው የረዳቸው። አንደኛ፣ ቃሉን አልመረጡትም፤ ከልጅነት ጀምሮ የተደጋገመ ነገር እንደ አንድ ነጠላ ገመድ ተያይዞ ነው የሚወጣው። አፌዢያ ያለበት ሰው ከአንድ እስከ አሥር ሊቆጥር፣ "ቢስሚላህ" ወይም "አባታችን ሆይ" ሊል ይችላል፤ ከመሃል "አራት በል" ስትሉት ግን ይጠፋዋል። ሁለተኛ፣ በዜማ ውስጥ ቀኙ አንጎልም ይሳተፋል፤ የሐጂ ቀኙ አልተነካም። ሦስተኛ፣ ብቻቸውን አልነበሩም፤ የሌሎቹ ድምፅና ምት እየሳበ ወሰዳቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 የቦስተን ባለሙያዎች ይህንኑ ወደ ሕክምና ለወጡት፤ በሽተኛው የሚፈልገውን አጭር ሐረግ በዜማ እያለ በግራ እጁ ምት እየመታ ይለማመዳል፣ ከዚያ ዜማው ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ለሁሉም አይሠራም። የምትሉት እየገባው መናገር ብቻ የተቸገረ ሰው ግን ሊጠቀምበት ይችላል።

እስካሁን ስለ ቃል ነው ያወራሁት። አሁን ደግሞ ቃሉ ሙሉ ሆኖ ድምፁ ብቻ የሚጠፋበት አለ።

አክስቴ እንቅርት ነበረባት። የደጋ አፈር በዝናብ እየታጠበ አዮዲን ሲያጣ እንቅርት ይበዛል፤ በእኛ በኩል ብዙ እናቶች አንገታቸው ላይ ይዘውት ይኖራሉ። በኦፕሬሽን ወጣላት። ከሰመመን ስትነቃ ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆኗል። ውኃ ስትጠጣ ትን ይላታል። "ድምፄን ምች መታው" አለች። ምች አይደለም። የድምፅ አውታሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ እንቅርቱ ከሚበቅልበት እጢ ጀርባ ታክኮ ነው የሚያልፈው፤ በኦፕሬሽን ጊዜ ሊወጠር ወይም ሊጎዳ ይችላል፣ በጎበዝ እጅም ይከሰታል። ቀድሞ ቢነገራት ግን ያን ያህል ባልደነገጠች፤ ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዚህ ነርቭ አካሄድ በጣም ይገርመኛል። ከአንጎል ግንድ ተነስቶ አንገት ውስጥ ይወርዳል፤ ማንቁርቱን አልፎ ይሄዳል፤ የግራው ደረት ውስጥ ገብቶ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ሥር ይጠመዘዝና ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። በቀጭኔ ይህ ዙር ብዙ ሜትር ይሆናል። ለዚህ ነው የደረት በሽታ በድምፅ ላይ የሚታየው፤ ደረት ውስጥ ያለ ዕጢ ወይም ያበጠ ንፍፊት ነርቩን ሲጫነው ሰውየው ይጎረንናል። ጉንፋን ሳይኖር ወይም ጉንፋኑ ካለፈ በኋላ ከ3 እስከ 4 ሳምንት የቆየ መጎርነን ካለባችሁ ከአንገት በላይ ሐኪም ይየው። በቀጭን ካሜራ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። የአክስቴ አንደኛው አውታር ቆሞ ነበር፤ ስምንት ወር ገደማ ሲሆን ድምፅዋ እየተመለሰ መጣ። የማይመለስላቸው ሰዎችም መርፌና ኦፕሬሽን አላቸው፤ የቆመውን አውታር ወደ መሃል ገፋ አድርጎ ደህናው እንዲደርስበት ማድረግ ይቻላል።

ትእዛዙን የሚያለሰልሱት የአንጎል ክፍሎች ሲታመሙ ደግሞ ሌላ መልክ ይመጣል። ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል ሕመም) ያለባቸው አዛውንት ድምፃቸው ቀስ በቀስ እየሳሳ፣ ከፍ ዝቅ ማለቱን እየተወ ይሄዳል። ቤተሰብ "ምን አሉ? ጮክ ይበሉ" ሲል ይናደዳሉ፤ ለራሳቸው ጮክ ብለው የተናገሩ ይመስላቸዋላ! መለኪያው ነው የተዛባው። ለዚህ በሳምንት 4 ቀን ለ4 ሳምንት የሚሰጥ የታወቀ የድምፅ ልምምድ አለ፤ ትምህርቱ አንድ ነው፣ ጮክ ማለት። የጮኹ ሲመስላቸው ነው ልክ የሚሆነው።

ስፓስሞዲክ ዲስፎኒያ የሚባለው ደግሞ ብዙ ሰው ያንገላታ በሽታ ነው። ሰውየው ሊናገር ሲል አውታሮቹ በራሳቸው ይኮማተራሉ፤ ድምፁ እንደታነቀ ሰው ይቆራረጣል። ሲስቅ ግን ደህና ነው፤ ሲያንሾካሽክ ደህና ነው፤ ብዙዎች ሲዘፍኑም ደህና ናቸው። በዚህ ምክንያት ለረጅም ዘመን "የጭንቀት ነው" ይባል ነበር። አሁን የአንጎል የእንቅስቃሴ ሕመም እንደሆነ ይታወቃል። የቦቶክስ መርፌ ጡንቻውን ያላላዋል፤ ከሦስት አራት ወር በኋላ ይደገማል።

በጭንቀት ወይም በድንጋጤ ድምፁ የሚጠፋም ሰው አለ፤ መናገር አይችልም፣ ሲያስል ግን ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣዋል። አውታሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ያስመስላል ማለት ግን አይደለም። በንግግር ሕክምና ባለሙያው ያንን የሳል ድምፅ ይዞ ወደ "አ"፣ ከ"አ" ወደ ቃል ይወስደዋል፤ ብዙዎች ይድናሉ።

መንተባተብን በአጭሩ ልበል። ከመቶ ሕፃናት 5 ያህሉ በሆነ ጊዜ ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹ ይለቃቸዋል፤ ከአዋቂዎች 1 በመቶ ያህሉ ጋር ይኖራል። ውሻ ስላስደነገጠው አይደለም፣ እናቱ ስለተቆጣችው አይደለም። በዘር የሚሄድ የአንጎል ሁኔታ አለው። የሚንተባተብ ልጅም ሲዘምር ብዙውን ጊዜ አይሰናከልም። "ቀስ በል፣ ተንፍስ" አትበሉት፤ ዓይኑን እያያችሁ እስኪጨርስ ጠብቁት።

መጠበቅ፤ ለሐጂም የሠራው እሱ ነው። የንግግር ቴራፒስት በአገራችን ጥቂት ስለሆነ ሥራው የወደቀው ልጃቸው ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ አባቷ አንድ ቃል ሲጀምሩ ቶሎ ብላ ትጨርስላቸው ነበር፤ ፍቅር ነው፣ ግን አንደበታቸውን ሥራ ያስፈታው ነበር። ተወችው። አሁን ቴሌቪዥኑን ትዘጋለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፤ "አዎ" ወይም "አይ" የሚመለስ። ሁለት ነገር በእጇ አሳይታ ታስመርጣቸዋለች። ጠዋት ጠዋት "ቡና ስጪኝ"ን በመንዙማ ዜማ እያለች ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመታች ታለማምዳቸዋለች። ሰዎች ሲመጡም አስቀድማ ትነግራለች፦ "አባ ይሰማችኋል። ከእሱ ጋር አውሩ፣ ስለ እሱ አታውሩ።"

ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን ቡና የሚጠጡት በጨው ነበር። ከስትሮኩ በኋላ ለደም ግፊቱ ሲባል ጨው ተከልክሏል። ባለፈው ቅዳሜ አቦሉን አቀበለቻቸው። ቀመሱት፣ ሲኒውን አስቀመጡት፣ አፋቸውን ከፈቱ። ማንም አልረዳቸውም። ጀበናው ሲንተከተክ ይሰማል። ደቂቃ ሳይሞላ አይቀርም።

"ቡና..." አሉ። ቆዩ። "ጨው... የለውም።"

"የለውም" ግስ ነው።